ያኑዋር የሌለበት አጀንዳ

ክንፉ ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ከስሙ በፊት ማዕረጉን ያስቀድም ነበር። «መናሄል ነኝ» ይላል፤ ሥራ አስኪያጅ ነኝ ማለቱ ነው። የሚያስተዳድረው እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ ውስጥ፣ ከሚግዳል ገበያ ጀርባ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች የሚሠራ የአዲስ ገቢዎች መረዳጃ ማኅበር ነበር። ከሥሩ ያለው የሰው ኃይል በሙሉ አዲና ናት። አዲና በቅርቡ ከጦሩ የተሰናበተች፣ አማርኛውን ሰምታ መልሱን በዕብራይስጥ የምትወረውር ልጅ ነበረች።

የክንፉ ኩራት ግን ማኅበሩ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የተጎለተው ኮምፒዩተር ነበር፤ ከኮምፒዩተሩም ውስጡ ያለው የቀጠሮ ፕሮግራም። አንድ በጎ አድራጊ ቢሮውን ሲያድስ አሮጌውን ዕቃ ለማኅበሩ ሰጠና ፕሮግራሙም አብሮ መጣ። በጥቁር መስተዋት ላይ በአረንጓዴ ፊደል ቀኑን፣ ሰዓቱንና የባለጉዳዩን ስም ያሳያል፤ ሰዓቱ ሲደርስም «ጢጥ» ይላል። ባለጉዳይ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እንኳ ክንፉ ያቺን ድምፅ ሳይሰማ አያናግርም። «ትንሽ ይታገሱ፤ ገና አልተጠሩም» ይለዋል። ባለጉዳዩም አፍንጫው ሥር ያለው ሰው እስኪገኝለት ድረስ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1992፣ የዳስ በዓል ባለፈ ሰሞን፣ አባባ ደርሶ መጡ። አባባ ደርሶ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት አንዱ ሲሆኑ፣ ከከተማው ዳር ያለው የካራቫን፣ የጊዜያዊ ተጎታች ቤቶች፣ ሰፈር ሽማግሌ ነበሩ።

«ልጄ ክንፉ፣ የቤት ጉዳይ ሹሙ በያኑዋር ኑ ብሎናል» አሉ። ጃንዋሪን እዚህ አገር ያኑዋር ነው የሚሉት። «አንዱን ወደ ሰሜን፣ አንዱን ወደ በረሃው እንዳይበትኑን ነው ፍርሃታችን። ከጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ያድርጉን። አንተ ቋንቋውን ታውቃለህ፤ ከፊት ሆነህ ተናገርልን።»

«ለዚህ አይደል የተቀመጥኩት!» ብሎ ክንፉ ጣቶቹን አፍታታና ቀኑን መታ። ኮምፒዩተሩ ጮኸ እንጂ አልጻፈም። ደግሞ መታ፤ ደግሞ ጮኸ። ገጹን ወደ ፊት ቢገፋው ዴሴምበር ላይ ደርሶ እንደ ደነበረ በቅሎ ቀጥ አለ።

አዲና ከኋላው ጎንበስ ብላ አየች። «ኒግማር» አለች፤ አለቀ ማለቷ ነው። «የሠሩት ሰዎች እስከዚህ ዓመት መጨረሻ ብቻ ነው ያሰቡት። አርጅቷል። ወርጄ የወረቀት አጀንዳ ልግዛልህ።»

«የወረቀት!» አለ ክንፉ፣ እናቱን የሰደበችበት ያህል ፊቱ ተለዋውጦ። «የገበያ ዳር ሱቅ መሰለሽ ይሄ?» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ ድምፁን አለዘበ። «አባባ፣ አዝናለሁ። ለጊዜው ያኑዋር የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ሲስተሙ ውስጥ የለም።»

አባባ ደርሶ፣ አገሩ እንግዳ ነው፣ ምናልባት እዚህ ወር የሚዘለልበት ዓመት ይኖር ይሆናል ብለው አዲናን አዩ። አዲና ጣሪያውን አየች።

በሳምንቱ ክንፉ አዲስ ፕሮግራም የሚመርጥ ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀመንበሩ ራሱ፣ ጸሐፊዋ አዲና፣ አባሉ ደግሞ የሚስቱ ወንድም ቸሬ ሆኑ። ቸሬ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቤቱ ቪዲዮ ስላለው በቴክኖሎጂ በኩል ይረዳናል ተባለ።

መጀመሪያ ሮኢ የተባለ ነጋዴ አንድ የዕብራይስጥ ፕሮግራም ይዞ ቀረበ። ቀላል ነው፤ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ ያኑዋርም አለው። አዲና «ይሄ ይበቃናል» አለች። ክንፉ ግን ግንባሩን ቋጠረ። ፕሮግራሙ ያለ ቤተሰብ ስም ሰው አልመዘግብም ሲል የአባት ስም ቢሰጡት፣ ባልና ሚስቱን የማይተዋወቁ አድርጎ ለያያቸው። «ሕዝባችንን ያፋታል» ብሎ ክንፉ ለሌላ ስብሰባ ቀጠረው። ፕሮግራሙን የጣለበት እውነተኛ ምክንያት ግን መልኩ ነበር፤ ከአሮጌው አይለይም፤ ማንም ገብቶ ቢያየው አይደነግጥም።

ሁለተኛው ከቴል አቪቭ መጣ፤ እንግሊዝኛ፣ ባለቀለም፣ አዲስ ኮምፒዩተር ካልተገዛለት የማይነሣ። ሲከፈት የቆዳ ሽፋን ያለው ደብተር መስተዋቱ ላይ ይታያል፤ በሽፋኑም ላይ የባለቤቱ ስም በወርቅ ቀለም ይጻፋል። ክንፉ እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ቢሆንም ወርቁን ሲያይ ዓይኑ ረጠበ።

«ምኑን ታነበዋለህ?» አለችው አዲና።

«ይለመዳል።»

«ምን ያምራል በናታችሁ!» አለ ቸሬ።

እንዲህም ሆኖ ኮሚቴው ወዲያው አልወሰነም፤ ቶሎ ከወሰነ ኮሚቴነቱ ያበቃላ። በአሮጌው ፕሮግራም የቀሩት ቀኖች በሙሉ በኮሚቴው ስብሰባ ተሞሉ። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ክንፉ በሩን ገርበብ አድርጎ «ቦታ የለም፤ የሥራችንን ቅልጥፍና እያጠናን ነው» ይላል።

አባባ ደርሶ በዴሴምበር ተመልሰው መጡ። በስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ አዲና ወጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። «አኒ አቮ ኢትኼም» አለቻቸው፤ ከዚያም እንዳይጠራጠሩ በአማርኛ ደገመችው። «እኔ እመጣለሁ ከናንተ ጋር።»

በያኑዋር አዲና አንድ ቀን ፈቃድ ወሰደች። ክንፉ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ የአዲሱ ኮምፒዩተር ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ ይዙር ወይስ ወደ በሩ በሚለው ተጠምዶ ነበር። በማግስቱ ስልክ ተደወለ። የቤት ጉዳይ ሹሙ ራሱ ነው።

«ረፉአ ሽሌማ» አለው፤ ሙሉ ምሕረት ይስጥህ እንደ ማለት ነው።

ክንፉ ምን እንዳመመው ባያውቅም እጅ ነሣ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሹሙ «መሪያችሁ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አባባ ደርሶ «ቀጠሮ መያዣ እያማረጠ ነው» ብለው መለሱ። አዲና ግን አፍራ «ታሟል» ብላ ተረጎመችው። ክንፉ ይህን ስላላወቀ ለወራት «ሹሙ ለጤናዬ እየደወለ ይጠይቃል» ሲል ከረመ።

ባለወርቁ ፕሮግራም ከፋሲካ በኋላ ገባ። ክንፉ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠና ደብተሩን ከፈተ፤ ስሙ አብረቀረቀ። ውስጡ ባዶ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ በሩን አየ። የሚያንኳኳ ጠፋ። በመጨረሻ እጁ እንዲፍታታ ብሎ የካራቫኑን ሰዎች ጉዳይ አነሣና ወደ ሹሙ ቢሮ ደወለ።

«መናሄል ክንፉ ነኝ፤ ለካራቫን ሰፈርተኞች ቀጠሮ እንዲያዝልኝ ፈልጌ ነበር» አለ።

«የምን ቀጠሮ?» አለች የስልኳ ሴት። «እነሱ እኮ ሁሉም አንድ ሕንፃ ላይ ቤታቸው ገብተዋል። ሽማግሌውና አንዲት ልጅ መጥተው ጨረሱት። ለመሆኑ፣ አንተ ተሻለህ?»

ክንፉ የሕንፃውን አድራሻ ጠይቆ ስልኩን አስቀመጠ። አዲና ወንበሯ ላይ አልነበረችም። ሸሚዙን አስተካክሎ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሕንፃው ወደ ባሕሩ በኩል ነበር። አዲና እጅጌዋን ሰብስባ ከአንዲት አሮጊት ጋር አልጋ እየገፋች ነው፤ አየችው፣ በአገጯ ሰላም ብላው መግፋቷን ቀጠለች። አባባ ደርሶ አቅፈው ሳሙት። አልተቆጡም፤ ያለፈውን አላነሱም። ክንፉን ያሳመመውም ይኸው ነበር። አንድ ነገር ቢሉት ስለ ሲስተም የሚያስረዳው ብዙ ነበረው። እነሱ ግን ጥሩውን ወንበር ለቀው አስቀመጡትና ምግብ አቀረቡለት። ስለ ቤቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሊፍቱ ተጫወቱ።

ትምህርት ቤት ኖፋር ብለው ስም ያወጡላት የአባባ ደርሶ የልጅ ልጅ መጥታ ፊቱ ቆመች። «ሚ ዜ?» አለች፤ ይሄ ማነው?

ክንፉ አፉን ጠርጎ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «መና…» ብሎ ጀመረ።

አባባ ደርሶ ቀደሙት። «እንግዳ ነው» አሏት። «ሂጂ ውኃ አምጪለት።»