የሲኞራ ኦርኔላ ሸራ

ለተንኪኤል ሲኞራ ኦርኔላን የጠላቻቸው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። እሳቸውም አልወደዷትም። እንዲህ እየተጣሉ ሮም ውስጥ ቶር ፒኛታራ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ኩሽና ባላት ቤት አብረው ይኖሩ ነበር።

ለተንኪኤል አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች፣ ሮም ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት የሆናት ባዳንቴ፣ የአዛውንት አስታማሚ ናት። አዛውንት ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ታውቅበታለች። ሲኞራ ኦርኔላ ግን ሰባ ሰባት ዓመት ቢሞላቸውም፣ ዳሌያቸውን ከማመማቸው በቀር ጤነኛ ነበሩ። የፈለጉት ለቀለም የሚሆን ድንጋይ የሚፈጭላቸው ሰው ነው።

ሴትዮዋ በሃያ አራት ዓመታቸው ካትማንዱ ሄደው ከአንድ ሽማግሌ መነኩሴ የቡድሃን ሥዕል መሣል ተምረው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ታጥበው፣ ጸሎታቸውን በለሆሳስ ደግመው፣ በእንጨት ላይ ከተወጠረው ሸራ ፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ሥዕል ሦስትም አራትም ዓመት ይፈጃል። ስማቸውን አይጽፉበትም፣ አይሸጡትም። ሲያልቅ የሚጸልይበት ሰው ይወስደዋል። ቀለሙም ከሱቅ አይገዛም፤ ሰማያዊው ከድንጋይ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተለውሶ ነው የሚሠራው።

ጣልያኖቹ ቡድሃን «ቡዳ» ነው የሚሉት። ለተንኪኤል ቃሉን በሰማች ቁጥር ታማትባለች። ድንጋዩንም የምትፈጨው ሙቀጫውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ለሸራው ጀርባዋን ሰጥታ ነው።

«ወደዚህ ዙሪ፤ ብርሃኑ በዚህ በኩል ነው» ይሏታል።

«እዚህም ይታየኛል።»

«ምን ይበላኛል ብለሽ ፈርተሽ ነው?»

«የሚበላኝን አውቀዋለሁ፣ ሲኞራ።»

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አብራት የተማረችው ኣስገደት በሴቶቹ መሀል «የቡዳ ቤት ገባሽ አሉ» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ልጅ ያቀፈች አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም፤ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ለተንኪኤል አየቻት። ሌላው ሁሉ ቢረሳት ያ ነጠላ አይረሳትም።

በማግስቱ ጠዋት ሲኞራ ኦርኔላ እሷ ኩሽናው ግድግዳ ላይ የለጠፈቻትን የእመቤታችንን ሥዕል ሲያዩ አገኘቻቸው።

«ይቺ በማሽን የታተመች ናት» አሉ። «አንድ ሰው እንኳ አንድ ቀን አልደከመላትም። እንዴት ነው የምትሰማሽ?»

 የእህታቸው ልጅ መጥታ ሴትዮዋን ወደ ሐኪም ይዛቸው ሄደች። በሩ ሲዘጋ ለተንኪኤል የወለሉን ጨርቅ ከባልዲው አነሳች፤ ጨርቁን እንኳ አልጨመቀችውም። በሸራው ፊት ቆማ፣ በመጀመሪያ የቡድሃን ቀኝ እጅ፣ ቀጥሎ ደረቱን፣ ቀጥሎ የተቀመጠበትን አበባ ጠረገችው። ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ሥራ ነበር። ሙጫው ሟሟ፤ ሰማያዊው እንደ ጭቃ ወለሉ ላይ ወረደ። ስትጨርስ ባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሲመለሱም እዚያው ነበረች።

ሲኞራ ኦርኔላ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሸራውን አዩት።

«ስታጸጂ ነው ወይስ ተናደሽ?»

«ተናድጄ።»

«እሺ። ቢያንስ አልዋሸሽም።»

«ሻንጣዬን ላዘጋጅ?»

«የትም አትሄጂም። ከሄድሽ ጠዋት ጠዋት ልቀመጥ ስል ትዝ ትይኛለሽ። ከማስብሽ ባይሽ ይሻለኛል። ነገ አዲስ ሸራ እንወጥራለን።»

ምሕረት አልነበረም፤ ፊታቸው ላይ ምንም ርኅራኄ አልታየም። ለተንኪኤልም መሄጃ ስላልነበራት ቀረች። ሸራውን ወጠረች፤ ኖራና ሙጫ ቀባችው፤ በለስላሳ ድንጋይ ሳምንት ሙሉ አሸችው። ሴትዮዋ መስመሩን በማስመሪያ ከባዶ ጀመሩት።

ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር መጣ። አንዳንድ ጠዋት ሲኞራ ኦርኔላ እጃቸውን ታጥበው፣ ጸሎታቸውን ደግመው፣ ብሩሹን ያነሱና መልሰው ያስቀምጡታል።

«ዛሬ ጠልቼሻለሁ» ይሏታል። «በዚህ ልብ አልነካውም። ውጪልኝ፤ እስከ ስድስት ሰዓት እንዳትመለሺ።»

በመጀመሪያ በሳምንት አራት ቀን አስወጧት። ለተንኪኤል ዝናብ ሲሆን ትሬኒኖ የሚሉት ትንሹ ባቡር ላይ ወጥታ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ትሄድና ትመለሳለች፤ በመስኮቱ እያየች ትረግማቸዋለች። በጥር ሦስት ቀን ሆነ። በየካቲት አንዳንድ ሳምንት አንድም ቀን አላስወጧትም። ሴትዮዋ ግን ፊታቸው አልተፈታም፤ አጥንታቸው እስኪታይ ከስተዋል። ከራሳቸው ጋር ትግል ላይ እንደነበሩ ለተንኪኤል ይታያት ጀመር። ይህም አበሳጫት፤ እሷ ሃምሳ አምስት ቀን ስትጾም ኣስገደትን ከልቧ ይቅር ለማለት አንድም ቀን ሞክራ አታውቅም ነበር።

ለንስሐ አባቷ ለአባ ኃይለመለኮት ነገረቻቸው። ጣዖት አጠፋሽ ብለው እንዲያመሰግኗት ጠብቃ ነበር።

«ይቅርታ ጠየቅሻቸው?» አሏት።

«አባ፣ ሴትዮዋ እኮ የሚያመልኩት—»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። የሰው ድካም ነው ያጠፋሽው። ሄደሽ ጠይቂያቸው።»

ሄዳ ጠየቀች። አቀርቅራ፣ ጥርሷን ነክሳ ጠየቀች።

ሲኞራ ኦርኔላ ቀና ሳይሉ «አሁን አይሆንም» አሏት። «ሸራው ያጠፋሽው ቦታ ሲደርስ ጠይቂኝ።»

ጠበቀች። ፋሲካ አለፈ፤ ክረምትም፣ ሌላ ፋሲካም፣ ሌላ ክረምትም አለፈ። አንድ የጥቅምት ጠዋት ቀኝ እጁ፣ ደረቱና አበባው ዱሮ የነበሩበት ደረጃ ላይ ደረሱ። ሴትዮዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«አሎራ፣ እንግዲህ ጠይቂኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ሲኞራ።»

«ይቅር ካልኩሽ ቆይቷል። ካለፈው ሐምሌ ሳይሆን ከዚያ በፊቱ ሐምሌ ጀምሮ።»

ለተንኪኤል መጀመሪያ የሰማችው አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ጋለ።

«ዓመት ከሦስት ወር! ለምን አልነገሩኝም?»

«ይቅር ማለት ግዴታዬ ነው፤ አለበለዚያ መሣል አልችልም። መንገር ግን ግዴታዬ አይደለም። ደግሞ አልወድሽም።»

«እኔም አልወድዎትም።»

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አሉና ወደ ሸራቸው ዞሩ።

በሩን አጋጭታ ወጣች። ከቀትር በኋላ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ባር ውስጥ ኣስገደትን ተቀምጣ አገኘቻት፤ ከእሑዱ ነገር ወዲህ በደንብ አልተነጋገሩም። ለተንኪኤል ወንበር ሳበችና የሆነውን አንድ ሳታስቀር ነገረቻት፤ ስትነግራትም እንደገና ተናደደች።

«አይ ያቺ ጠንቋይ» አለች ኣስገደት። «ድሮም ብዬሽ ነበር፤ የሰይጣን ቤት—»

«ዝም በይ።»

ኣስገደት የቡና ስኒዋን አስቀመጠች።

«እኔ ልስደባቸው» አለች ለተንኪኤል። «አብሬያቸው ኖሬያለሁ። አንቺ የት ታውቂያቸዋለሽ?»

ኣስገደት ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። ለተንኪኤል አልከለከለቻትም። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙም ሰላም አልተባባሉም።