አባቷ ያልጨረሱት መዝሙር

ወደ ዋናው ደሴት ወደ ቶንጋታፑ የሚሄደው መርከብ ሊነሳ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። መዘምራኑ ወደቡ ላይ ሎሳሊኔን ይጠብቃሉ። እሷ ግን እዚያ የሚዘምሩት፣ ሟቹ አባቷ የደረሱት መዝሙር ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር አልነሳ ብሏት ፊናው በሚባል ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ትንቆራጠጣለች።

«ኧረ ቶሎ በል፣ ፊናው!»

«አንቺ ወዲያ ወዲህ ስትይ ጠረጴዛው ይነቃነቃል። ቁጭ በይልኝ!»

ቁጭ አለች፤ ወዲያው ተነሳች። ፊናው ሚሞሪ የሚባለውን ትንሽ ሰሌዳ ከኮምፒውተሩ ነቀለና የባሕር ጨው የበላውን ጫፉን በላጲስ ፈግፍጎ መልሶ ሰካው። ስክሪኑ በራ።

ሎሳሊኔ መዝሙሩን በጥድፊያ ወረቀት ላይ በእርሳስ ገለበጠችው። የመጨረሻው ስንኝ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ አባቷ አልጻፉትም።

«አሁንስ ምን ይዋጥሽ?» አላት ፊናው ደንግጦ።

«መርከቡ ላይ እጨርሰዋለሁ» አለችና ወረቀቱንና እርሳሱን እንደያዘች ወደ ወደቡ ሮጠች።