እግር መሬት ሲነካ

ስልኬ በየማለዳው ይጮህብኛል፤ እኔም በአውራ ጣቴ ዝም አሰኝቼው ተመልሼ እተኛለሁ። ስልክ አይከራከርም። እናቴ ብትሆን ኖሮ ግን እግሬ መሬት ሲነካ ሳትሰማ ከበሩ ንቅንቅ አትልም ነበር።

ያደግሁት የፈትል ፋብሪካ ሠራተኞች በሚኖሩበት ረጅም የቤቶች ረድፍ ውስጥ ነው። ክፍሎቹ ግድግዳ እየተጋሩ የተደረደሩ ነበሩ፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከወዲህ ማዶ ሆነን "ይማርህ" እንል ነበር። አባቴ የፋብሪካው መካኒክ ነበር። እናቴ ደግሞ፣ ሰው ሲጠይቅ እንደሚባለው፣ "ቤት ነው የምትውለው።"

ይህቺ ቤት የምትውል ሴት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ረድፉን በሙሉ ትቀሰቅስ ነበር። እንዴት እንደተጀመረ አላውቅም። የሚደውል ሰዓት ያለው ጥቂት ሰው ነው፤ ያለውም ሰዓቱን አያምነውም፣ እሷን ግን ያምናታል። ሻርፗን ተከናንባ፣ የአባቴን አሮጌ ጃኬት ደርባ ትወጣለች። ለእያንዳንዱ በር የራሱ ማንኳኳት ነበራት። ፎርማኑ ደንጋጣ ስለሆነ በመዳፏ ለስለስ አድርጋ ነው። "ድንጋዩ" የምንለው ጫኝና አውራጅ መስኮቱን ካላንገጫገጨችለት አይሰማም። አራሷን ደግሞ ሕፃኑ እንዳይነቃ በጥፍሯ ብቻ ጫር ጫር ታደርግላታለች። ሕፃኑ አድጎ ኳስ መራገጥ ከጀመረ በኋላም የሴትዮዋ ስም አራሷ እንደሆነ ቀረ፤ ማንኳኳቱም አልተለወጠም።

"እሺ" የሚባል ነገር አታውቅም። "እሺ የሚል ሰው ተኝቷል" ትላለች፤ "እግርህን ልስማ!" እግሩ መሬት ሲነካ ካልሰማች ወደሚቀጥለው በር አታልፍም። እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ከበር በር እየተከተልኩ አዳምጣት ነበር። እንደዚያ ተደላድዬ የተኛሁበት ዘመን አልተመለሰም፤ በጣም ይናፍቀኛል።

አንድ ዓመት ፋብሪካው፣ አርፍዶ ለማያውቅ ሠራተኛ ሽልማት አዘጋጀና አባቴ ተሸለመ። የግድግዳ ሰዓት ነበር፤ ጠርዙ የሚያብረቀርቅ። እንኳን ደስ ያለህ ሊል የመጣው ጎረቤት ቤታችንን ሞላው። አባቴ ወንበር ላይ ወጥቶ ሰዓቱን ሲሰቅል እናቴ ከታች ቀና ብላ፣

"የእኔስ ሽልማት?" አለች፤ እየሳቀች ነበር።

"አንቺ ደግሞ! ደጅ ማንኳኳት ሥራ ሆኖ ነው?" አላት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ቤቱን ሁሉ ስትወለውል ያንን ሰዓት እያለፈችው ትሄዳለች። አቧራ ለበሰ። አባቴ አላየም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ። እኔ በጣም እናደድበት ነበር። ነፍሱን ይማረውና ዛሬም ሳስበው ትንሽ እናደድበታለሁ።

ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛውን ግቢው ውስጥ ሰብስበው ከነገ ጀምሮ እንዳትመጡ አሏቸው፣ በቃ። ያን ምሽት በረድፉ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ እናቴ እንደ ወትሮዋ ተነሳች። ልማድ ነውና ሳታስበው አንኳኳች። እሷ መርሳቷ አይደለም የሚገርመው፤ ሁሉም ተነሱላት። ፊታቸውን ታጥበው፣ ቱታቸውን ለብሰው፣ የምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ወጡ፤ አባቴም ጭምር። አስፋልቱ ዳር ቆመው እያዛጉ ሰርቪስ መጠበቅ ጀመሩ። ሰርቪሱ ሲዘገይ ድንጋዩ፣

"እኔ የምለው፣ ወዴት ነው የምንሄደው?" አለ።

ከዚያ ፎርማኑን ሳቅ አመለጠው፣ ሌሎቹም ተቀበሉት፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የአንዳንዶቹ እንባ ሳቁ ካለቀ በኋላም አልቆመም።

እናቴ በራችን ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። "ምን ነካኝ? የሰው መሳቂያ አደረግኋቸው እኮ" አለች። ከዚያ ወዲያ ማንኳኳቷን ተወች። መንቃቱን ትነቃለች፤ ግን ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ትጋደማለች።

ረድፋችን ተበላሸ። ወንዶቹ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ በፒጃማ ብቅ ይላሉ፣ ባልዲዬን ማን ነካው እየተባባሉ ይጣላሉ። አባቴ ጢሙን መላጨት ተወ። ጠዋት የሚባል ነገር ከሰፈራችን ጠፋ።

አንድ ምሽት አራሷ መጣች።

"እቴቴ፣ ነገ ቀስቅሺኝ እባክሽ። ከጅምላ ሻጮች አትክልት አምጥቼ ልቸረችር ነው፤ ካረፈድኩ የጠወለገው ነው የሚተርፈኝ።"

"ፋብሪካው ተዘግቶ የምን መቀስቀስ ነው?"

"እሱ ይዘጋ፤ እኔ መቼ ተዘጋሁ?"

እናቴ ወደ አባቴ ዞር አለች። "ደጅ ማንኳኳት ሥራ አይደለም ተብያለሁ። ሥራ ያለው ሰው ይቀስቅስሽ።"

ያን ሁሉ ጊዜ በሆዷ ይዛው ኖራለች ለካ። አራሷ ግራ ገብቷት ወጣች። አባቴ ቀና ብሎ ሰዓቱን አየ፤ አቧራውን በደንብ ያየው ያን ጊዜ ይመስለኛል። እኔ በልቤ፣ ተናገር፣ የሆነ ነገር በላት፣ እያልኩ እለምነዋለሁ። እሱ ግን መብራቱን አጥፍቶ ተኛ።

ሊነጋጋ ሲል አልጋቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀድሞ የተነሳው አባቴ ነበር፤ ይህ በቤታችን ሆኖ አያውቅም። የአልጋውን ራስጌ በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"አንቺ፣ ተነሺ እንጂ።"

"ተነስቼስ የት ልሄድ?"

"ሥራ ነዋ። ረፈደብሽ እኮ።"

ወደ ግድግዳው ስትገላበጥ አልጋው ተንቋቋ።

"እሺ" አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

"እሺ የሚል ሰው ተኝቷል" አላት አባቴ። "እግርሽን ልስማ።"

የእናቴ እግር መሬት ሲነካ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ፤ ትንሽ ቆይቶም ከግድግዳው ማዶ የጥፍሯ ጫር ጫር መጣ።