የወይዘሮ ተኒክሊፍ ሰማያዊ ምድጃ

በበርዝለም ከተማ የከሰል ነጋዴው የኢኖክ ተኒክሊፍ ሚስት ሎቬዴይ፣ የሳሎኗን ምድጃ ዙሪያውን በሴራሚክ ካስለበጠች ወዲህ መሬት አልበቃ ብሏታል። ሴራሚኮቹ ሰማያዊ ናቸው፤ በላያቸው ግንዳቸው እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነጫጭ አበቦች ተሥለውባቸዋል። ምን አበባ እንደሆኑ እግዜር ይወቅ። «ለእኔ ብቻ ነው የተሣለው፤ በእንግሊዝ አገር ሌላ የለም» ትላለች። እንዲያ ብሎ የነገራት ባሏ ነው።

ቤቷ የሚመጣ ወንድ ሁሉ ምድጃውን ሲያይ ጉሮሮውን ጠራርጎ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ይሰቅላል። እሷ አድናቆት መሰላት።

አንድ እሑድ ቄስ ዋርድልን ለሻይ ጠራች። ቄሱ መጠጥን ሲያወግዙ የጸሎት ቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጣል ይባልላቸዋል። ኬካቸውን እያላመጡ ወደ ምድጃው ጠጋ አሉና፣

«ያምራል! የ‹ነጩ አጋዘን› መጠጥ ቤቱ ሴራሚክ ግን ጠርዙ አረንጓዴ ነው» አሉ።

የኢኖክ እህት ኬዛያ ስኒዋን አስቀመጠች።

«መጠጥ ቤቱ ውስጥ የት ጋ ነው ያለው፣ አባቴ? በመስኮት ሳይ አንድም አበባ አይቼ አላውቅም።»

«በጓሮ በኩል…»

«በጓሮማ የወንዶች ሽንት ቤት አይደል እንዴ ያለው?»

«ኃጢአተኞችን ልመክር ገብቼ ነው!»

«እዚያ ድረስ ተከትለዋቸው? ወይ ትጋት!»

ሎቬዴይ ወደ ባሏ ዞረች። «ለእኔ ብቻ ነው አላልከኝም?»

«ከዚያ ሥራ የተረፈ ነው… ግንበኛው በርካሽ ሰጠኝ» አለ ኢኖክ፣ ጫማውን እያየ።

«የሽንት ቤት ትራፊ ሳሎኔ ለጠፍክ!»

በማግስቱ ምድጃውን እንዲነቅል አዘዘችው። መዶሻውን ሳያነሳ በሩ ተንኳኳ። የሐኪሙ ሚስት ናት። «እንዲያው በዚህ ሳልፍ…» ትላለች እንጂ ዓይኗ ምድጃው ላይ ነው። የዳኛው ሚስት ተከተለች። ከዚያ ወዲህ፣ ቀድሞ ደጇን ረግጠው የማያውቁ ወይዘሮዎች ሁሉ ይጎርፉ ጀመር። ባሎቻቸው በየማታው ፊት ለፊቱ የሚቆሙለትን ግድግዳ ሌላ የት ያዩታል?

«መዶሻህን መልስ» አለችው ሎቬዴይ፣ ኬኩን ለእንግዶቹ እንዲዳረስ በስሱ እየቆረጠች።

ቄስ ዋርድል ደረታቸውን ታመው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ ተባለ።

«ደረታቸውን ሳይሆን የሽንት ፊኛቸውን ነው» አለች ኬዛያ።