በበሩ ፋንታ

የሰደበኝ የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪያችን ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ጆሮዬን ይዞ «ይኼ ልጅ ወንበር ከማጣበብ በቀር ምን ይሠራል?» አለ። እሱ ከሞተ ቆየ፤ ስድቡ ግን አልሞተም። የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ «አጣባቢው» ነው የሚለኝ፤ በር አሠርቶኝ በሩን እየከፈተ የሚገባው ሳይቀር።

ስለዚህ የልጄ አስተማሪ ብየዳ ቤቴ ድረስ መጥታ እኔም የተማርኩበት ትምህርት ቤት የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር ወልቆ መውደቁን ስትነግረኝ፣ የብየዳ መነጽሬን እንኳ አላወለቅኩም።

«ጋሼ፣ የወር አበባቸው ሲመጣ ልጆቹ ቤት ይቀራሉ። ጭራሽ ትምህርቱን የተዉም አሉ። ላሜራውን አግኝተናል፣ የጠፋው የሚሠራው ሰው ነው።»

«ያ ትምህርት ቤት እኔን የሚያውቀኝ ወንበር ሳጣብብ ነው» አልኳት። «ደግሞ አስተማሪ ስለ በር ምን አገባት? አርፈሽ ፊደል አስቆጥሪ።»

ሠራተኞቼ ሳቁ።

«ልጆቹ ከቀሩ ማንን ላስቆጥር?» አለችና ሄደች።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ለቤተሰቡ እያሳቅኩ አወራሁት። ልጄ ብቻ አቀርቅራ በላች።

ትናንት ካርዷን ልቀበል ሄድኩ። ወደ አስተማሪዎቹ ክፍል የሚወስደው መንገድ በመጸዳጃ ቤቱ በኩል ነው። ግድግዳውን ዞር ስል በበሩ ፋንታ አበባ ያለበት አልጋ ልብስ ተሰቅሏል። ነፋሱ ይገልበዋል። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ጫፍና ጫፉን በሁለት እጇ ወጥራ ይዛለች።

«አጥብቀሽ ያዢው፣ አንቺ» አለች ከውስጥ ጓደኛዋ።

«ይዣለሁ፣ ቶሎ በይ።»

«አባትሽ ግን በየሰዉ ቤት በር ሲገጥም ይውል የለ? ለኛ ሲሆን ምነው?»

ልጄ «ሥራ በዝቶበት ነው» አለች። «ሲመቸው ይመጣል።»

ዕድሜዬን እሳት ፊት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፊቴ ግን እንደዚያ ግሎ አያውቅም። ዞር ስል አስተማሪዋ ኋላዬ ቆማለች። ሰምታለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አጥቼ አላውቅም።

«አልጋ ልብሱ የእኔ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነፋሱን አልቻለውም። ምን ልበላቸው?»

ልጄ ድምፄን እንዳትሰማ ፈራሁ። ካርዱንም ሳልቀበል፣ ኮቴዬን አጥፍቼ፣ በመጣሁበት ተመለስኩ።