ሀቢባ የቴሌቪዥን ዋጋ የተከራከረችበት ቅዳሜ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንተም ወደ ጥላው ና፣ ፀሐይ ያገኝሃል። እንዲያ ነው። የማወራችሁ ባሕር ዳር ገበያ ቅመም ስለምትሸጠው ስለ ሀቢባ ነው።

ሀቢባ ዋጋ ስትከራከር ያላየ ሰው ገበያ አየሁ አይበል። የምትፈልገውን ዕቃ መጀመሪያ አትነካም፤ ልቧ ቀዩ ሻሽ ላይ ከሆነ እጇ ሰማያዊውን ያገላብጣል። ሐይቁ ዳር ዓሣ ሻጩ «ዛሬ ጧት የወጣ ነው» ሲላት፣ የዓሣውን ዓይን አየት ታደርግና «እሱ ግን ትናንት ነው የወጣሁት ይላል» ትለዋለች። ቲማቲም ሻጯ ደህና ደህናውን ከላይ ብትደረድር፣ ሀቢባ እጇን ሰድዳ ከታች ታወጣለች። ዋጋ ተለጥፎ ንቅንቅ የማይልበት ትልቅ መደብር ግን አትገባም። «ክርክር የሌለበት ገበያ፣ ሰላምታ እንደሌለበት ቤት ነው» ባይ ናት።

አንድ ነገር ግን አለ፤ የእሷ ብቻ ሳይሆን የገበያው ሁሉ ሕግ ነው። ዋጋ ጠርተህ ሻጩ «ውሰድ» ካለህ፣ ትወስዳለህ። ጠርቶ የሸሸ ሰው፣ ወሬው እሱን ቀድሞ እህል ተራ ይደርሳል። ሀቢባ በዕድሜዋ ጠርታ ሸሽታ አታውቅም።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር፣ ዋናው የገበያ ቀን። ልጇ ሱንዱስ የከተማችን የሴቶች ቡድን በረኛ ናት። ሌላ አገር ሄዳ የዋንጫ ጨዋታ ልትጫወት ነው፤ ጨዋታውም በዲሽ በቀጥታ ሊተላለፍ ነው። እናት ልጇን ስትጫወት አንድም ቀን አይታት አታውቅም። ጨዋታው ሁልጊዜ ከገበያ ጋር ይገጥማል፣ ገበያው ደግሞ ሱንዱስን ያሳደገ እንጀራ ነው።

ጧት ልጅቱ ደወለች። «እማ፣ ዛሬ እንኳ ታይኛለሽ?»

«አይሻለሁ! ወላሂ አይሻለሁ!»

ማለች እንግዲህ። ምሳ ሰዓት ላይ ቅመሟን ሸፍና፣ ገዥ እየጠራት፣ ጥላ ወደ ቤቷ ገሰገሰች። ቴሌቪዥኑን ብትከፍተው «ሲግናል የለም» አላት። የሐይቁ ንፋስ ዲሹን አዙሮታል። አይ ዲሽ! ማንም በማያየው ቀን ሁሉም ጣቢያ ቁልጭ ብሎ ይመጣል፤ ድስት የሚሸጥ ፈረንጅ፣ ስለ ድመት የሚያወራ ፈረንጅ። የተፈለገ ቀን ድፍን ጨለማ ነው። ዲሽ የሚሠራው ግሩም ሲደወልለት «መጣሁ፣ በር ላይ ነኝ» አለ። የማን በር ላይ እንደሆነ ግን አልተናገረም።

ባሏ ጀላሉዲን ጀልባ ሠሪ ነው። ጣራው ላይ ወጣና ዲሹን እንደ መቅዘፊያ ጨበጠው።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ ዘጌ አዙረው!»

«ዘጌን እያየሁ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ወደ ጎርጎራ!»

«መጣ?»

«መጣ! መጣ! እንዳትነቃነቅ! … ሄደ! ምን አደረግኸው አንተ ሰውየ?»

«አስነጠሰኝ አንች ሴትዮ! ማስነጠስም ተከለከለ?»

ጨዋታው ሊጀመር ነው። ሀቢባ ሻርፗን አጥብቃ ወጣች። ጀላሉዲን ከጣራው ላይ «አሁንስ መጣ?» ሲል እሷ ባጃጅ ውስጥ ናት።

የሄደችው መስዑድ ሱቅ ነው። መስዑድ ቴሌቪዥን ሻጭ ነው፣ ደግ ጎልማሳ ነው፤ የሚያናድደው ሳይገዛ ቆሞ የሚያይ ሰው ብቻ ነው። ስትደርስ ሰዎችን ከበሩ እያባረረ ነበር። «ልገዛ የመጣ ይግባ! ሊያይ የመጣ ወደ ቤቱ!»

«ልገዛ ነው» አለች ሀቢባ። ቃሉ ሾልኮ ወጣ።

«እትየ ሀቢባ! ይግቡ እንጂ! የትኛውን ላሳይዎት?»

«ትልቁን። የቴሌቪዥን ዓይን የሚታወቀው በኳስ ነው፤ የሴቶቹን ጨዋታ ክፈትልኝ።»

ከፈተው። ያ ረቢ! ሱንዱስ ጸጉሯን በጥቁር ሻሽ ጠቅልላ፣ ጓንቷን እያጨበጨበች፣ በጓደኞቿ ላይ ትጮሃለች። የሀቢባ ልብ ዘለለ። ፊቷ ግን ተጨማደደ፤ ነጋዴ አይደለች?

«ሣሩ ምነው ደበዘዘብኝ?»

«ወላሂ አዲስ ነው እትየ!»

«ስንት ነው?»

ነገራት። ሳቀች። «ልጄ፣ ከነስታዲየሙ ነው?»

በዚያ ተጀመረ። በመጀመሪያው አጋማሽ ስለ ድምፁ ተከራከረች፤ በእረፍቱ ስለ ዋስትናው፤ በሁለተኛው አጋማሽ ስለሚቆምበት እግር። ኳስ ወደ ሱንዱስ ሲመጣ ዝም ትላለች፤ ኳሱ ሲመለስ ወደ ዋጋው ትመለሳለች። መስዑድ አንድ ደረጃ ሲወርድ እሷ የጥፍር ያህል ትወጣለች። የተባረሩት ሰዎች አንድ በአንድ ተመልሰው በሩን ሞሉት፤ ገሚሱ ኳሱን ያያል፣ ገሚሱ ክርክሩን። የኛ ልጆች አንድ አገቡ! ሀቢባ ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች። ፍጹም ቅጣት ምት፣ በኛ ላይ። አጥቂዋ ኳሱን አስቀመጠች። ሱንዱስ ጎሉ መሐል ቆመች፣ ብቻዋን።

በዚያች ቅጽበት መስዑድ እጁን ዘረጋ። «በቃ! አሸነፉኝ እትየ ሀቢባ። በጠሩት ይውሰዱት፣ ይባርክልዎት! ካርቶኑን ላምጣ» አለና ሊያጠፋው ሪሞቱን አነሳ።

«እንዳታጠፋው!»

መስዑድ ሪሞቱን እንዳነሳ ቆመ።

«አልገዛም መስዑድ። መጀመሪያውንም ልገዛ አልመጣሁም፣ ዋሸሁህ። ያች በረኛ ልጄ ናት። አይሻለሁ ብየ ምየላታለሁ።»

ስሟ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ታውቃለች። ልታነሳው ግን ጎንበስ አላለችም፤ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።

አጥቂዋ መታች። ሱንዱስ ወደ ግራ በረረች፤ በጡጫዋ አወጣችው! አልሐምዱሊላህ! ሱቁ ተደበላለቀ። የማይተዋወቅ ተቃቀፈ። መስዑድ ራሱ ሪሞቱን ጥሎ፣ ጣራ እስኪነካ እየዘለለ ጮኸ።

ትንፋሹ ሲመለስ ወደ እሷ ዞረ። «ጠርተው ሸሹ እኮ!»

«ሸሸሁ ልጄ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ለገበያው ንገር፣ አልቀየምም።»

«እነግራለሁ እንጂ! ‹ያችን በረኛ የወለደች እናት ከሰዓቱን ሙሉ አሞኘችኝ› እላለሁ። ይህ ደግሞ የሚደበቅ ነው?» አለና ባዶ ካርቶን ገልብጦ አቀረበላት። «ይልቅ ይቀመጡ፣ ጭማሪ ደቂቃ አለ።»

ተቀመጠች። የቀረውን ያለ ክርክር አየችው፣ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች።

ልጆቼ፣ እናንተንም አንድ ቀን የምትወዱት ሰው «ታየኛለህ? ታይኛለሽ?» ይላችኋል። ያን ቀን ሥራም ቢጠራችሁ፣ ስማችሁም ቢያሳሳችሁ፣ እስቲ ካርቶን ላይ የተቀመጠችዋን ሀቢባን አስታውሱልኝ።