ወንፊት ታውሱኝ?

«ቤቶች! ወንፊት ታውሱኝ?»

ጸሐይወርቅ መቀርቀሪያውን ልትስብ የዘረጋችው እጇ ባለበት ቀረ። ድምፁ የወንድ ነው። ወንፊት ጠያቂዋ ትሩፋት ደግሞ ከገባች ግማሽ ሰዓት አልፏታል፤ ጓዳ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ዐይኗን ጨፍና እየጸለየች ነው።

በዚያ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጎፋ ውስጥ ጴንጤዎች በር ዘግተው ሲጸልዩ ከተገኙ መጨረሻቸው እስር ቤት ነበር። ስለዚህ ጸሐይወርቅ ከብረት መቀርቀሪያው ሌላ አንድ ዘዴ አበጀች። ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣ ሁሉ እንደ ጎረቤት ዕቃ ሊዋስ ይጣራል። ለአንዱ ምሳር፣ ለአንዱ መሰላል፣ ለትሩፋት ወንፊት ብላ ያደለቻቸው እሷ ናት። ሁሉም ቃሉ የጋራ ይመስላቸዋል። የእያንዳንዱ ለየብቻ መሆኑን ግን ለባሏ ለወጋየሁ እንኳ አልተነፈሰችም። ወንድም እህቶቿን እንዲህ መጠርጠሯ ያሳፍራት ነበር፤ ከሁሉም በላይ ትሩፋትን። የበኩር ልጇን በቀበረች ሰሞን ወር ሙሉ አብራት ያደረች፣ ጸሎትም ያስተማረቻት ትሩፋት ናት።

በበሩ ስንጥቅ አጮለቀች። ደምሰው ነው፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ፣ ጠመንጃውን አንግቶ። ከኋላው ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ቃሉን ለእሱ ያቀበለችው ሰው ወንፊት ሴት እንጂ ወንድ እንደማይዋስ ልብ አላለችም፤ እሱም አላለም። በሌላ ቀን ቢሆን ጸሐይወርቅ በሣቅ በሞተች ነበር።

«ለሰው አውሰነው ነበር። ትንሽ ይጠብቁ፣ ላስመጣልዎ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

«ተነሡ፤ መጥተዋል!»

ወጋየሁ ማንንም ሳይጠይቅ በጓሮ በኩል የላላውን የአጥር ቆርቆሮ ገለጠ። ከማዶ ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታቸው ከድጃ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሲያልፉ አየቻቸውና ቅርጫቱን ጣለች። «በዚህ፣ በዚህ! ወደ ቤት ግቡ!» አምስቱም አለፉ። ወጋየሁ መጨረሻ ወጥቶ ቆርቆሮውን ከኋላው መለሰው።

ትሩፋት ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ነጠላዋን ዘርግታ፣ አጣጥፋ፣ እንደገና ዘረጋች።

«አትወጪም?»

«እግሬን አሞኛል።»

«ትሩፌ፣ ሰውዬው ወንፊት አውሱኝ ነው ያለኝ። ወንፊትን ካንቺ በቀር ለማንም አልሰጠሁም።»

ትሩፋት ቀና ብላ አየቻት። ለመካድ አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው።

«በንቲን ከውትድርናው እናስቀርልሻለን አሉኝ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ታውቂያለሽ።»

«ስለ ልጅ ለእኔ ትነግሪኛለሽ?»

የበሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ትሩፋትን ግን ሌላ ነገር ይዟታል። «ለየብቻ ነው እንዴ የሰጠሽን? እኔንም ጭምር?» አለች፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ይሄን ያህል ዘመን ሳታምኚኝ ነው አብረሽኝ የጸለይሽው?»

ጸሐይወርቅ በጥፊ ልትላት እጇን አነሣች። ይብስ ያንገበገባት ግን፣ ተከድታ ቆማ ሳለ ለከዳቻት ሰው መልስ ስትፈልግ ራሷን ማግኘቷ ነው። እጇን አወረደች።

በሩ ከማጠፊያው ሊነቀል ደረሰ። ሄዳ መቀርቀሪያውን ሳበችው። ደምሰው በትከሻው ገፍቷት ገባና ጓዳውን ቃኘ፤ ባዶ ወንበሮች፣ አንድ ሴት።

ጸሐይወርቅን አንድም ነገር አልጠየቃት።

«ትሩፌ፣ የት ገቡ?»

ትሩፋት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። በጓሮው በኩል የከድጃ ድምፅ ይሰማል፤ ከወትሮዋ ከፍ አድርጋ ዶሮዎቿን ትጣራለች። ወጋየሁ ያለው ከዚያ ድምፅ አጠገብ ነው።

ጸሐይወርቅም እንደ ደምሰው የትሩፋትን አፍ አፍ እያየች መልሷን ጠበቀች።